«ሰዓቱን ሙሉ ተጫውታ ትሄዳለች»

የጠያቂያችን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፤ አይናገርም፤ የድስት ክዳን እያሽከረከረ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል። የመፍጫ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል፤ ጠበቅ አድርገው ሲያቅፉት ግን ደስ ይለዋል። ከሁለት ወር በፊት ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ከካውንቲው የሕፃናት ፕሮግራም አንዲት ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን ቤታችን ትመጣለች፤ የምታደርገው ግን ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር ክዳን ማሽከርከር ነው። ልጁን ሊጠብቁልኝ ከደሴ የመጡት እናቴ ‹ይኼ ምኑ ነው ሕክምና? ሰዓቱን ሙሉ ተጫውታ ትሄዳለች› ይላሉ፤ ጸበል እንውሰደውም ብለዋል። እኔ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሌላ ቦታ ያየው ባለሙያ ደግሞ ልጁ እንዳይምታታበት በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት ስላለን፣ እናቴ ልጁን ማነጋገር ትተዋል። ጨዋታው የእውነት ሕክምና ነው ወይስ ኤቢኤ የሚሉትን የባህርይ ሕክምና እንፈልግለት? ‹ግንኙነት ላይ ያተኮረ ሕክምና ነው› ሲሉኝስ፣ ልጄ እንዲህ የሆነው ከእኔ ያጣው ነገር ስላለ ነው ማለታቸው ይሆን? አንድ ትንሽ ነገርም ልጨምር፤ እናቴ ለባለሙያዋ ቡና ሲያፈሉ ሳትጠጣ ትሄዳለች፤ በዚህም ተቀይመዋል።»

ውድ እህቴ፤

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው ከእኔ ያጣው ነገር ይኖር ይሆን ብለው የጻፉትን ነው፤ እሱ ልብዎ ውስጥ እያለ የቀረው ምክሬ ስለማይገባ። የሌሊት ሥራዎ ለልጅዎ ኦቲዝም አላመጣበትም፤ የጎደለበት ፍቅርም የለም። ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው፤ የሚጀምረው ልጁ ከመወለዱ በፊት ሲሆን ከምክንያቶቹም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዘረመል ነው። እናትን የመውቀስ ልማድ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ እንደነበር ግን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ልጁ ከሰው የራቀው እናቱ ስሜተ ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው ይሉ ነበር። ይህን አባባል አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይገኛል፤ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍም ምክንያቱ ሥነ ሕይወታዊ መሆኑን ሞገተ። ዛሬ በሙያው ውስጥ ያ ክስ ተቀባይነት የለውም። እግሩ ለተሰበረ ሰው የመራመድ ልምምድ ሲታዘዝለት፣ የተሰበርከው ስላልተራመድክ ነው የሚለው ማንም የለም፤ ለልጅዎም ከሰው ጋር የመገናኘት ልምምድ የታዘዘለት በዚሁ አኳኋን፣ የከበደው ነገር እሱ ስለሆነ ነው።

ባለሙያዋ ወለል ላይ የምትሠራው፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ፍሎርታይም የሚባለውን ወይም ለእሱ ቅርብ የሆነ አሠራር ይመስለኛል። ቃሉ «የወለል ጊዜ» እንደማለት ነው። ዘዴውን ያዳበሩት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ስታንሊ ግሪንስፓንና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሴሪና ዊደር ናቸው፤ ግሪንስፓን እ.ኤ.አ. በ2010 ያረፉት ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት መንገድ ካልተጨናነቀ ከእርስዎ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በቤተስዳ ከተማ ነው። የሐሳባቸው መነሻ፣ ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት የሚወጣቸው ደረጃዎች አሉ የሚል ነው። መጀመሪያ ሰውነቱ ተረጋግቶ ዙሪያውን ማስተዋል ይጀምራል፤ ቀጥሎ ለሚወደው ሰው ልቡን ይሰጣል፤ ከዚያ በዓይን፣ በእጅ፣ በድምፅ ይመላለሳል፤ ትንሽ ቆይቶ የማይደርስበትን ነገር ለማግኘት የሰው እጅ ይዞ ይጎትታል፣ ባዶ ሲኒ አንሥቶ የጠጣ ያስመስላል፣ በስተመጨረሻም ሐሳብን ከሐሳብ ያያይዛል። ቃል የሚመጣው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ልጅዎ፣ ስሙን ስላልጻፉልኝ ማሙሽ ልበለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ላይ ገና እየዳኸ ስለሆነ፣ «ውሃ በል» እያሉ በቃል መጀመር መሠረቱ ያልደረቀ ቤት ላይ ጣሪያ እንደመስቀል ይሆናል።

ዘዴው ሌላም ነገር ያያል፤ እያንዳንዱ ልጅ ድምፅን፣ ንክኪን፣ ብርሃንንና እንቅስቃሴን የሚቀበልበት የራሱ መንገድ አለው። መፍጫው ማሙሽን ያስለቅሰዋል፣ ጠበቅ ያለ እቅፍ ደግሞ ያረጋጋዋል ብለው የጻፉልኝ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ለባለሙያዋ ከብዙ የምርመራ ወረቀት ይበልጥ ይጠቅሟታል፤ ካልነገሯት ይንገሯት።

አሁን የድስት ክዳኑን ጉዳይ ላንሣ፣ ምክንያቱም እናትዎ የታዘቡት እሱን ነው። ማሙሽ ክዳኑን አሽከርክሮ ጎንበስ ብሎ ያያል። እኛ በተለምዶ ወይ ክዳኑን እንቀማዋለን፣ ወይ ጸጥ ካለልን ተመስገን ብለን ወጣችንን እናማስላለን። ባለሙያዋ ግን ሌላ ክዳን ይዛ ፊት ለፊቱ፣ ከዓይኑ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ሲያስፈልግም በሆዷ ትተኛለች። እሷም ታሽከረክራለች። ክዳኗ ፍጥነቱ ቀንሶ መንገዳገድ ሲጀምር «ኧ… ኧ… ኧ…» ትላለች፤ ሲወድቅ «ዷ!» ብላ ዝም ትላለች። ዝምታው የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ማሙሽ የሚገባበት ክፍተት እሱ ነውና። በመጀመሪያው ቀን ላይገባ ይችላል። አንድ ቀን ግን የራሱን ክዳን ትቶ የሷን ክዳን፣ ቀጥሎም ፊቷን ለቅጽበት ያያል። ያኔ ባለሙያዋ መዳፏን በክዳኑ ላይ ቀስ አድርጋ ታሳርፋለች፤ ክዳኑ ይቆማል። ማሙሽ እጇን ገፍቶ ያነሣል። ይኼኔ አንድ ዙር ተዘጋ ይባላል፤ እሷ በእጇ ጠየቀችው፣ እሱ በእጁ «አንሺልኝ» ብሎ መለሰላት። «ውይ! እጄን ገፋኝ!» ብላ ፊቷን በግርምት ሞልታ እጇን ስትመልስና እሱም ድጋሚ ሲገፋ ሁለተኛው ዙር ይዘጋል። ባለሙያዋ በልቧ የምትቆጥረው እነዚህን ዙሮች ነው፤ ዛሬ ሁለት የነበሩት ከጊዜ በኋላ ሳይቋረጡ አሥርና ሃያ ሲደርሱ፣ ልጁ ያለ ቃል ወግ ማውጋት ጀመረ ማለት ነው። ለሚያየው ሰው ግን ክዳን ማሽከርከር ነው። እናትዎን አልፈርድባቸውም።

ሲሞክሩት ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። እንቅፋቱ የጨዋታ እንቅፋት መሆን አለበት፤ ማሙሽ እጅዎን ሲገፋ ፊቱ ላይ ትንሽ ፈገግታ ወይም ቢያንስ ትኩረት ካለ ልክ ነዎት፤ ካለቀሰ ወይም ከተቆጣ አልፈዋልና ክዳኑን ወዲያው ይልቀቁለት። ጀርባውን አዙሮ ቢሄድም እየተከተሉ ፊቱን ወደ ፊትዎ አያዙሩት። መሄዱም መልስ ነው፤ «በዛብኝ» ማለቱ ስለሆነ ድምፅዎን ዝቅ፣ እንቅስቃሴዎን ቀስ አድርገው በሌላ በኩል ይምጡለት። ዓይንን በግድ ማግኘት አይቻልም፤ ዓይኑ የሚመጣው ፊትዎ ላይ የሚያጓጓ ነገር ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰው አንድ ጠንካራ ልማድ አለብን፤ ልጅ ስናጫውት እንፈትናለን። «ይኼ ምንድን ነው? ቀለሙስ? አፍንጫህ የታለ? ላም እንዴት ትላለች?» የሚናገር ልጅ ይህን ይወደዋል፤ መልስ የሌለው ልጅ ግን የሚማረው ሰው ሲመጣ ፈተና እንደሚመጣ ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው «ውሃ ካላልክ አልሰጥህም» እያሉ የተጠማን ልጅ ማስጠበቅ ነው፤ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። በጥያቄ ፈንታ እሱ የሚያደርገውን በአጭሩ ይናገሩለት፦ «ዞረ! … ዞረ! … ወደቀ!» እሱ ባያየዎትም ቃሉ ዓይኑ ያረፈበት ነገር ላይ ስለሚወድቅ፣ ቃልና ነገር የሚገናኙበት ዕድል ይሰፋል።

በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት የተባላችሁትን እቃወማለሁ። ምክሩ ዛሬም ከአንዳንድ ባለሙያዎች አፍ ይሰማል፣ ሰዎቹም ክፉ አስበው አይደለም፤ ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያድጉት አቻዎቻቸው በንግግር የባሰ እንደማይዘገዩ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። የእናንተ ቤት ጉዳት ደግሞ ከቋንቋ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ከማሙሽ ጋር የሚውሉት ሰው እንግሊዝኛ ስለማያውቁ አፋቸው ተዘግቷል፤ መመላለስ ለከበደው ልጅ የሚመላለስለትን ሰው ዝም አሰኙበት ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነም ልብ ይበሉ። «እንካ» ሲሉ እጅዎ አብሮ ይዘረጋል፤ «አምጣ» ሲሉ መዳፍዎ ይከፈታል፤ «ና» የምትለዋ አንዲት ድምፅ ዓረፍተ ነገር ናት። «እንካ… አምጣ… እንካ…» እያሉ አንድ ኳስ ማመላለስ ሙሉ የፍሎርታይም ትምህርት ነው። እርስዎም ደክሞዎት ከሥራ ሲመለሱ ልብዎ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ፊትዎ፣ ድምፅዎ፣ ቁጣና ሳቅዎ ተስማምተው የሚወጡት በእሱ ነው። እንግሊዝኛውን ከባለሙያዋና ከትምህርት ቤት ያገኘዋል።

የሚቀጥለውን ክፍል ለእናትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

እማማ፣ ልጅቷ መጥታ የምትጫወተው ጨዋታ አዲስ ነገር መስሎ ቢታይዎትም ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። «ኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» ይባል የለ? አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በመካከሉ ጉጉት አለ፣ በመጨረሻ «ነጋ!» ተብሎ ይሮጣል። አሜሪካኖቹ የመግባቢያ ዙር የሚሉት ይህንኑ ነው። ማሙሽ «አልነጋም» ማለት ገና ስለማይችል እርስዎ ነጠላዎን ፊትዎ ላይ ጣል አድርገው «ኩኩሉ…» ይበሉና ዝም ይበሉ፤ እጁን ሰዶ ነጠላውን ከጎተተ መለሰልዎት ማለት ነውና «ነጋ!» ብለው ብቅ ይበሉለት። ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ካደረጉት በኋላ በአራተኛው «ኩ…» ብለው ያቁሙና ፊቱን ይዩት። እሹሩሩ እያሉ ማዘልም ይችላሉ፤ ጠበቅ ያለ እቅፍ የሚወድ ልጅ ጀርባዎ ላይ ሲሆን ሰውነቱ ይረጋጋል፤ ወገብዎ ከፈቀደ ነው ታዲያ። እየዘፈኑ ድንገት ያቁሙ፤ ከተወዛወዘ ወይም ከነካዎት «ቀጥይ» ማለቱ ነውና ይቀጥሉለት። ስለ ጸበሉም፣ በእምነትዎ ይጸልዩለት፣ ይውሰዱት፤ ይህ ሕክምናውን አያስቀርም፣ ሕክምናውም እምነትዎን አይነካም። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲፈስበት ግን ይህ ልጅ ከሌላው ልጅ ይበልጥ ይደነግጣልና፣ የጸበሉን አባት አስፈቅደው በትንሹ ያስቀቡት እንጂ ይዘው አያስጠምቁት። የባለሙያዋን ቀጠሮም በጸበል ቀን አይለውጡት።

እማማን ላመስግንና ወደ እርስዎ ልመለስ። ግሪንስፓን ቤተሰቦችን ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጨዋታ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲያደርጉ ይመክሩ ነበር። ይህ ምክር አንድ ወላጅ ቤት ለሚውልበት ቤተሰብ እንጂ፣ አንዱ ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛበት፣ ሌላው መሪ ላይ ለሚያመሽበት ቤት የተጻፈ አይመስለኝም። ስለዚህ ሰዓት ፍለጋ አይድከሙ፤ ያለውን ጊዜ ይጠቀሙ። ገላውን ሲያጥቡት፣ ካልሲ ሲያለብሱት፣ ሲያበሉት ያው ዙር ይሠራል። ካልሲውን በጆሮው ላይ ሊያጠልቁ ሞክረው «እዚህ ነው?» ይበሉና ይጠብቁ። ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሰው ትንሽ ያቁሙት፤ ሲያይዎት ያጉርሱት፣ ባያይም ያጉርሱት፤ ማስራብ አይደለም። አባቱ ደግሞ ከመኪና ሲወርድ የሚችለውን ያድርግ፤ «አንድ… ሁለት…» ብሎ በብብቱ ይዞ ይጠብቅና፣ ማሙሽ ድምፅ ሲያወጣ ወይም ሲንጠራራ «ሦስት!» ብሎ ወደ ላይ ያንሣው። አባቶች በዚህ ጨዋታ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ «እኔ አላውቅበትም» ብለው ከዳር የሚቆሙት ግን እነሱው ናቸው። የባለሙያዋ በሳምንት አንድ ሰዓት ልጁን ብቻውን አይለውጠውም፤ ያ ሰዓት የተሰጠው እናንተ እንድትማሩበት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ክፍል ውስጥ ተኝተው አይቆዩ፤ እርስዎ ይጫወቱ፣ እሷ ትይዎት።

«ማስረጃውስ?» ለሚለው፣ እውነቱን መናገር ይገባኛል። በፍሎርታይም ላይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂትና አብዛኞቹም በትንሽ ቁጥር ልጆች ላይ የተደረጉ ናቸው። ለእሱ ቅርብ የሆነና በወላጅና በልጅ ግንኙነት ላይ የሚሠራ ሌላ ዘዴ ግን በሚገባ ተፈትኗል፤ በእንግሊዝ አገር የተሠራው ፓክት የሚባለው ነው። ወላጁና ልጁ ሲጫወቱ ይቀረጻል፤ ከዚያ ባለሙያውና ወላጁ አብረው ቪዲዮውን እያዩ ልጁ ምን እንደጠየቀ፣ ወላጁ የቱ ጋ እንዳመለጠው፣ የቱ ጋ እንዳገኘው ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው ጥናት 152 ሕፃናትን የያዘ ነበር፤ ያን ጊዜ በጉልህ የተለወጠው ወላጆቹ ለልጆቻቸው የሚመልሱበት ሁኔታና ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር ራሳቸው መግባባት የሚጀምሩበት መጠን ሲሆን፣ በኦቲዝሙ ምልክቶች ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ ነበር። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ልጆቹ እንደገና ሲታዩና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ፣ ሕክምናውን ካገኙት መካከል ከባድ ምልክት የሚታይባቸው ካላገኙት አንሰው ተገኙ። ኦቲዝሙ አልጠፋም፤ ይጠፋል ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ከዚያ ሰው ይራቁ። ዘዴው ተለውጦ በሕንድና በፓኪስታን ሲሞከር ከወላጆች ጋር የሠሩት የረጅም ጊዜ ሥልጠና ያላቸው ቴራፒስቶች ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ነበሩ፤ በዚያም በወላጅና በልጅ መካከል ያለው መመላለስ ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም ተንከባካቢዎችን በጨዋታና በቤት ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያሠለጥን ፕሮግራም አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ጭምር ተሞክሯል። እናትዎ ይህ የፈረንጅ ቅንጦት እንዳይመስላቸው ይህን ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ እርስዎ ዛሬውኑ የሚወስዱት አንድ ነገር አለ። ስልክዎን መደርደሪያ ላይ አቁመው ከማሙሽ ጋር ሲጫወቱ አምስት ደቂቃ ይቅረጹ፤ ከዚያ ሲተኛ ብቻዎን ይመልከቱት። በጨዋታው መሐል «አያየኝም» ያሉት ልጅ፣ እርስዎ ወደ ሌላ በዞሩበት ቅጽበት ሲያይዎት ሊያገኙት ይችላሉ። ይህን ብዙ እናቶች ላይ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ አልቅሰዋል፣ ምክንያቱም ልጁ የጠራቸው እነሱ ባላዩበት ሰዓት ነበር። ቪዲዮውን ለባለሙያዋም ያሳዩአት።

ኤቢኤን በተመለከተ፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሥሩ ያለው ሥራ ብዙ ዓይነት ነው። የቀድሞው አሠራር ልጁን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦ ተመሳሳይ ትእዛዝ እየደጋገሙ በሽልማት ማስተማር ነበር፤ በልጅነታቸው በዚያ ያለፉ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች በርካታዎቹ ስላሳለፉት መከራ ይናገራሉ፤ ልንሰማቸው ይገባል። ዛሬ ግን የባህርይ ትምህርቱን ከጨዋታና ከግንኙነት ጋር ያዋሐዱ ዘዴዎች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ኧርሊ ስታርት ዴንቨር ሞዴል ነው። ኢንሹራንስ ከሸፈነላችሁ መጠየቁ አይጎዳም፤ ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት ከሌላ ልጅ ጋር ባይሆንም ከማሙሽ ጋር የሚደረገውን የመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ወላጅ እንዳይገባ የሚከለክል፣ ልጁ እያለቀሰ የሚቀጥል፣ እጁን ይዞ የሚያስቀምጥ ወይም «እየኝ» እያለ ዓይን የሚያስገድድ ከሆነ እሺ አይበሉ። በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ሲባሉም አይደንግጡ፣ አይቸኩሉም፤ ሁለት ዓመት ተኩል ለሆነው ልጅ ያ ማለት ከእንቅልፍ የተረፈውን የነቃ ጊዜውን ብዙ ክፍል ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ማሳለፍ ነው። የእኔ ፍርድ፣ አሁን የያዛችሁትን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ሌላው ከተጨመረም በእሱ ላይ ይጨመር የሚል ነው።

አንድ ጉዳይ ቀን ስላለው እንዳይዘነጉት። ማሙሽ ሦስት ዓመት ሲሞላው ከሕፃናት ፕሮግራሙ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት የሚሸጋገርበት ጊዜ ይደርሳል፤ የሽግግሩ ስብሰባ በፌዴራል ሕግ ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ መደረግ አለበት፤ ይህም ለእናንተ ከሁለት ወር ያልበለጠ ጊዜ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤተሰብ ከፈለገና ልጁ መስፈርቱን ካሟላ በሕፃናት ፕሮግራሙ አገልግሎት ከሦስት ዓመት በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መቀጠል ይችላል፤ ስለዚህ አማራጭ በስም ይጠይቁ። እንግሊዝኛዎ ጥሩ ቢሆንም አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በስብሰባው እናትዎም ይቀመጡ፣ ልጁን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና። ለማሙሽ በሚጻፈው የአገልግሎት ዕቅድ ላይ «ቀለማትን ይለያል» የሚል ግብ ብቻ ተጽፎ ካዩ፣ «ከቤተሰቡ ጋር በጨዋታ ይህን ያህል ጊዜ ይመላለሳል» የሚል ግብ እንዲጨመር ይጠይቁ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ሁሉ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ካልተደረገለት አሁኑኑ ያስደርጉለት። የነበረውን ችሎታ በድንገት ካጣ ወይም ዓይኑ ፈዞ ለጥቂት ጊዜ ከተለየው ደግሞ ለሐኪሙ ወዲያው ይንገሩ፤ የሚጥል በሽታ በነዚህ ልጆች ላይ በርከት ይላል።

ስለ ቡናው እናትዎን ያጽናኑልኝ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸው ከሚያገለግሉት ቤተሰብ ነገር እንዲቀበሉ አይፈቅዱም፤ ሰዓቷም የተቆጠረ ነው፤ ንቀት አይደለም። እኔ ብሆን ግን ቡናውን አላስቀረውም፣ ሰዓቱን እንጂ። ባለሙያዋ እንደመጣች እናትዎ ወለሉ ላይ ሰፌድ ዘርግተው ጥሬ ቡና ይልቀሙ፤ ማሙሽ አጠገባቸው ይቀመጥ። አንዲት ፍሬ አንሥተው ከቆርቆሮ ጣሳ በላይ ይዘው «ጣል…» ይበሉና ይጠብቁ፤ ከዚያ ይልቀቋት፦ «ቃ!» ሌላዋን ለእሱ «እንካ» ይበሉት። ክዳን የሚያሽከረክር ልጅ የጣሳ ድምፅ ሳይወድ አይቀርም፤ ባለሙያዋም አንድ ፍሬ አንሥታ ትገባለች። ፍሬዋን ወደ አፉ ወይም ወደ አፍንጫው እንዳይወስዳት አንድ ሰው ዓይኑን አይንቀልበት፤ መቁላቱም ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ ይሁን፣ ምድጃው እሱ ከማይደርስበት።